የአያ ጅቦ የዓይን ምርመራ

አንድ ጊዜ አንበሳ ያወጣው ሕግ ጫካውን ሁሉ አመሰው። «የሌላውን አካል በእጁ የሚነካ ባለሙያ ሁሉ በየዓመቱ ጤናው ይመርመር! ጤነኛ ያልሆነ የሥራ ፈቃዱ አይታደስለትም» አለ። ለመርማሪነትም እመት ቀበሮን ሾመ። ሌላ እንስሳ የጠፋ ይመስል!

ለሕጉ መውጣት ሰበቡ አህያ ነው። ግራ እግሩ ተሰብሮ የጫካው ብቸኛ ወጌሻ ወደሆነው ወደ አያ ጅቦ ሄዶ ነበር። አያ ጅቦ ደግሞ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። ደህናውን ቀኝ እግር ጎትቶ፣ አሽቶ፣ በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ምስኪኑ አህያ እየተንፏቀቀ አንበሳ ፊት ቀርቦ አለቀሰ።

የምርመራው ቀን ሲደርስ አያ ጅቦን ጭንቅ ያዘው። ፈቃዱን ከተነጠቀ ታካሚዎች የሚያመጡለት ሙዳ ሥጋ ቀረ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜው ማን ያበላዋል? አንዲት የሰባች ዶሮ ይዞ እመት ቀበሮ ደጃፍ ደረሰ።

«እመት ቀበሮ፣ እንደምን አደርሽ?» ብሎ እጅ ነሳ።

«እዚህ ነኝ አያ ጅቦ። ያ ጉቶ ነው።»

«አውቃለሁ! እሱንም ሰላም ልበለው ብዬ ነው።»

ቀበሮ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዶሮዋን ተቀበለችውና ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

«በል፣ ምርመራው ተጀመረ። የያዝኩት ምንድን ነው?»

«ያመጣሁልሽ ዶሮ ነዋ!»

«ቀለሟስ?»

አያ ጅቦ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «ቀለሟ… ይጣፍጣል።»

«ግሩም! ዓይንህ ስንጥር ይለያል!» አለችና ወረቀቱ ላይ ማኅተሟን አሳረፈች። ዶሮዋ እስከ ምሳ እንኳ አልቆየች።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበሮ ሌላ ዶሮ ስታባርር ገደል ገባችና ቀኝ የኋላ እግሯ ቋ ብሎ ተሰበረ። አንበሳ «ሹሜ ተጎዳችብኝ!» ብሎ በሸክም አያ ጅቦ ዘንድ አስወሰዳት፤ ራሱም ተከትሎ መጣ። አህያም አልቀረም። ይህማ እንዴት ያምልጠው?

አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ግራ እግሯን ጨበጠ።

«ኧረ በስመ አብ! ያኛው ነው! ደህናውን ልቀቀው!» ስትል ጮኸች።

«እመት ቀበሮ፣ ሥራዬን አታስተምሪኝ። ስብር ብሎ ተንጠልጥሎ እያየሁት!»

አንበሳ ግንባሩን ቋጠረ። «ቆይ እስቲ። ይህ ወጌሻ ዓይኑ ያያል? የመረመርሽው አንቺ ነሽ።»

ቀበሮ ነገሩን አመዛዘነች። አያይም ብትል፣ በሐሰት ማኅተም የመታ ሹም የሚያገኘው የአንበሳ ጥርስ ነው። ያያል ብትል፣ ደህናው እግሯ በጅብ መዳፍ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ብልጠቷ ሦስተኛ መንገድ አላገኘላትም።

«ያ… ያያል ጌታዬ። ስንጥር ይለያል።»

«እንግዲያው ቀጥል!» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ቀጠለ። ጩኸቷ ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ሥራው ሲያልቅ አያ ጅቦ ላቡን ጠራርጎ ቀና አለ። «ይኸው፣ እንደ አዲስ ሆነልሽ! እንኳን ማረሽ እመት ቀበሮ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አህያ፤ «እኔ ግን አህያ ነኝ።»

አንበሳ ጅቡን አየ፤ ቀበሮዋን አየ፤ ሁለቱንም እግሮቿን አየ። ከዚያ የአንዱን ፈቃድ፣ የሌላዋን ማኅተም እዚያው ቀማ።

«አንቺንስ ልቀጣሽ ነበር» አለ ወደ ቀበሮ ዞሮ። «ግን ምን ያደርጋል፣ አያ ጅቦ ቀድሞኛል።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለማይችል ባለሙያ «ይችላል» ብሎ የፈረመ ሰው አንድ ቀን ራሱ በዚያው ባለሙያ እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ነው።