ዱሮን የናፈቀው አያ ጭላዳ

ዱሮ ነው፤ ዱሮ ራሱ ገና ልጅ በነበረበት ዘመን፣ ስሟን ማንም ጠይቋት በማያውቅ አገር ነው። ያኔም ቢሆን «ዱሮ ቀረ!» የሚል አልጠፋም። እሱም ጎፈራሙ አያ ጭላዳ ነበር።

የአገሩ እንስሶች አዋጥተው የሞተር ወፍጮ ተክለዋል፤ ቧንቧም ስበዋል። ከዚያ ወዲህ የአያ ጭላዳ ሚስት እመት ጭላዲት ወገቧ ቀና ብሏል፤ ሴት ልጇም እንስራ ሳትሸከም መስክ ላይ ስትቦርቅ ትውላለች። አያ ጭላዳ ግን ቂጣ በጎረሰ ቁጥር ጎፈሩን ይነሰንስና፣

«ኧረ ዱሮ ቀረ! ዱቄቱ በእጅ፣ ውሃው በእንስራ፣ እንቅልፉ እስከ ረፋድ! ይሄ የሞተር ዱቄት ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል» ይላል።

«ናፍጣ ናፍጣ እያለህ ሌማቱን ባዶ አደረግኸው እኮ!» ትለዋለች ሚስቱ።

«እስቲ ይለወጥ እንደሆነ ብዬ ነው የምቀምሰው!»

በቅምሻ ብቻ አልቆመም። አንድ ቀን ወንዶቹን ሁሉ አስከትሎ ዳኛዋ እማማ ዔሊ ፊት ቀረበ።

«ሞተሩ ይቁም! ቧንቧው ይደፈን! ዱሮ ይመለስ!»

ወንዶቹ «ይመለስ!» አሉ። እመት ጭላዲት ዞር ብላ ልጇን አየች፤ በዚያች ትንሽ ጀርባ ላይ የእንስራ ገመድ ሊታሰር ነው። ብትጮህ «ሰነፍ» እንደሚሏት ታውቃለች። ስለዚህ ብድግ አለችና እጅ ነሳች።

«እማማ ዔሊ፣ ባሌ እውነቱን ነው። የዱሮ ዱቄት ይጣፍጥ ነበር። ነገር ግን ጣዕሙ የሚመጣው ከናፍቆት ነው፤ ሳይናፍቀው የፈጨ እጅ ምን ጣዕም አለው? እኛ ሴቶቹ ደግሞ፣ ኃጢአታችንን ይቅር ይበለንና፣ ከቶም አልናፈቀንም።»

እማማ ዔሊ አንገቷን አውጥታ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ይሁና! ሞተሩ ይቁም፤ ቧንቧውም ይዘጋ። የናፈቀው ይፍጭ፤ የናፈቀው ይቅዳ!»

ወንዶቹ ለጭብጨባ ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀረ። አያ ጭላዳ ግን የተመሰገነ መስሎት፣ «ዱሮ ተመለሰ!» ብሎ ፎከረ።

በማግስቱ እንስራ አዝሎ ገደሉን ወደ ምንጩ ወረደ። ሲመለስ ውሃው ከእንስራው ይልቅ ጎፈሩ ውስጥ ነበር። ቀጥሎ የድንጋይ ወፍጮው ላይ ተደፋ። ቢገፋ፣ ቢገፋ፣ እህሉ ተንሸራቶ ተመልሶ ያየዋል።

«አንቺ! ይሄ ድንጋይ ምን ሆኖ ነው?»

«ልሟል፤ ይወቀር።»

«መወቀር ደግሞ ምንድን ነው?»

«በሌላ ድንጋይ እየጠቀጠቁ ማሻከር ነዋ! ዱሮ ማን የሚወቅረው መስሎህ ነበር?»

ወቀረ። እጁ አበጠ። ዱቄቱ ሲወርድ ግን ደስ አለውና፣ «ዱሮ ሴቶች እየዘፈኑ ነበር የሚፈጩት። እስቲ ዝፈኝልኝ!» አላት። እመት ጭላዲት ተደላድላ ተቀመጠችና፣

«ባሌ ጎፈሩን ያበጥራል ቁጭ ብሎ፣
ወገቤን ቆረጠው የድንጋዩ ውሎ» አለች።

«ይሄ ስድብ አይደለም እንዴ?»

«ዱሮም ይኸው ነበር። አንተ ዜማውን ሰምተህ ትተኛለህ፤ ግጥሙ ለእኛ ይቀራል።»

አያ ጭላዳ በንዴት ቂጣውን ጋግሮ ገመጠ። ቀጭ! አገር ያወቀለት ያ ረጅም ክራንቻ ተሰብሮ መዳፉ ላይ ወደቀ።

«ውይ የኔ ጌታ! አዲስ በተወቀረ ወፍጮ መጀመሪያ የተፈጨው ይደፋል እንጂ ይበላል? ጠጠር ነው እኮ! ጣዕሙስ?»

«አሸዋ አሸዋ ይላል» አለ አፉን ይዞ።

«ናፍጣ ናፍጣ ከሚለው መቼም ይሻላል።»

ጉንጩ እንዳበጠ ሸንጎ ቀረበ። ከኋላው ወንዶቹ ወገባቸውን ይዘው ያነክሳሉ። እማማ ዔሊ፣ «ዱሮ እንዴት ሰነበተ?» ብላ ጠየቀችው።

«ዱሮማ ደህና ነው፤ እዚያው ይቀመጥ!» አለና ሞተሩን ሊያስነሳ፣ ቧንቧውን ሊያስከፍት እየሮጠ ሄደ።

እመት ጭላዲት ግን አልተነሳችም። «እማማ፣ እውነቱን ልናገር፤ እኔም ከዱሮ የሚናፍቀኝ አለ። የምንጭ ዳር ጨዋታችን! ቧንቧው ከመጣ ወዲህ ለሐሜት እንኳ ተራራቅን።»

«ታዲያ እንስራውን ማን እዘዪ አለሽ? ጨዋታውን ብቻ ይዘሽ ውረጂ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ጀርባቸው ባዶ፣ አፋቸው ሙሉ ሆኖ ምንጭ ይወርዳሉ። አያ ጭላዳ ደግሞ እህሉን ተሸክሞ ሞተር ቤት ተራ ይጠብቃል። «ዱሮ ቀረ!» የሚል የመጣ እንደሆነ፣ ያቺን የጎደለች ጥርሱን ያሳየዋል።

እናንተም «ዱሮ ደጉ» የሚል ስትሰሙ እጁን አገላብጣችሁ እዩ፤ ዱሮ ለበላ ማር፣ ለፈጨ አሳር።