የማንጠግቦሽ ዓይንና የተቆለፈው ቧንቧ

ጆሮ ያለው ወዲህ ይጠጋ፤ ዓይን ያለው ይጠንቀቅ።

ልብስ አጣቢዋ ማንጠግቦሽ በረኪና ማባከን አትወድም። ክዳኑን በምስማር ትበሳና የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጨመቅ እያደረገች ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። አንድ ረፋድ ጠብ ማለቱን ትቶ ፊጭ አለና ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዓይኗ ተቃጠለ፤ ጥርቅም ብሎም ተዘጋ።

“ውሃ ካላጠበኝ አልከፈትም” አለ።

ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠች። ቧንቧው ተቆልፏል። “ቁልፍ ካልፈታኝ ውሃ አልሰጥም” አለ።

ቁልፉ ያለው ዘበኛው ጋሽ ደባሱ ወገብ ላይ ነው።

“ጋሽ ደባሱ፣ ቧንቧው አልሰጥም አለ፤ ዓይኔ አልከፈትም አለ። ቁልፉን ይስጡኝ።”

“የዛሬው ተራ የእትዬ ጥሩሰው ነው። እሷ ካልፈቀደች አልሰጥም። ባለፈው ተራ አዛብቼ ግቢው ሁሉ ሊበላኝ ነበር።”

ማንጠግቦሽ እየሮጠች ከእትዬ ጥሩሰው በር ደረሰች። ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል።

“እትዬ፣ ደባሱ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ቧንቧው ውሃ አልሰጥም አለ፤ ዓይኔ አልከፈትም አለ።”

“ምን አልሽ? ይሄ ልጅ ዝም ካላለ አንድ ቃል አልሰማሽም።”

ሕፃኑ፣ “ድመቴ ካልመጣች ዝም አልልም” አለ።

ድመቷ ጣሪያ ላይ ናት። “የግቢው ውሻ ካልተኛ አልወርድም” አለች።

ማንጠግቦሽ እያነባች ውሻው ፊት ቆመች። “ድመቷ አልወርድም አለች፤ ሕፃኑ ዝም አልልም አለ፤ እትዬ አልሰማም አለች፤ ደባሱ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ቧንቧው ውሃ አልሰጥም አለ፤ ዓይኔ አልከፈትም አለ። በል ተኛ።”

“ጆንያዬ ካልመጣ አልተኛም።”

“የት ሄዶ?”

“አንቺው ነሻ አጥበሽ ያሰጣሽው። ማን እጠቢ አለሽ?”

ጆንያውን ከገመዱ ላይ መንጭቃ አነጠፈችለት። ያኔ ውሻው ተኛ፤ ድመቷ ወረደች፤ ሕፃኑ ዝም አለ፤ እትዬ ሰማች።

“በረኪና? እጅሽን አንሺ፣ አትሺው። ደባሱ፣ ለዓይን ደግሞ ምን ተራ አለው?”

ደባሱ ቁልፉን ሰጠ፤ ቧንቧው ውሃውን ሰጠ። እትዬ ጥሩሰው ሳሙና ፋብሪካ የሠራች ሴት ናት። የታመመውን ዓይን ወደ ታች አዘንብላ፣ ሽፋኑን በጣቷ ገልጣ፣ ውሃውን በቀስታ ለቀቀችው።

“በቃኝ፣ እትዬ።”

“ገና ነው። ሃያ ደቂቃ ይሙላ።”

ደባሱ አፍሮ ወተት በኩባያ ይዞ መጣ። “ለዓይን ጥሩ ነው ይባላል።”

“ወተቱን ለልጄ ስጠው። ለዓይን ንጹሕ ውሃ ነው።”

ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ በባትሪ አየቻት፤ “ትንሽ ቀልቷል እንጂ አልተጎዳም። ውሃው ሥራዬን ቀድሞ ሠርቶልኛል” አለቻት።

ማንጠግቦሽም በሁለቱም ዓይኗ አየቻት፤ መልከ መልካም ነርስ ነበረች።

ተረቱ እዚህ ይዘጋ፤ የማንጠግቦሽ ዓይን ተከፍቶ ይኑር።