ጨው የማይልሰው ንጉሥ

ከወንዙ ወዲህ ያለውን ጫካ የሚገዛው አንበሳ ነበር። የአገሩም ሥርዓት የታወቀ ነበር። ፍየሎች ከግራሩ ላይ ሙጫ ይለቅማሉ፤ ዳለቻ የምትባል አህያ ሙጫውን ተሸክማ በመልካው ትሻገርና ከማዶ ጨው ጭና ትመለሳለች። አንበሳው ምንም ሳይሠራ ይበላል።

አንድ ቀን ከማዶ ለገበያ የመጡ ሁለት የጎሽ ጥጆችን በላ። የማዶው ገዥ ዝሆን ጉባኤ ጠራና ጥፋተኛው እስኪቀጣ ድረስ ሙጫ እንዳይወጣ፣ ጨውም እንዳይገባ በየነ። አንበሳው በዚህ ይንበረከካል ተባለ።

አንበሳ ግን ጨው አይልስም። ሥጋው እንደ ድሮው ይቀርብለታል። ሙጫው በየዛፉ ሥር ተከምሮ ተበላሸ፤ የፍየሎቹ ጡት ደረቀ፤ የዳለቻ ውርንጭላ ጨው ፍለጋ ድንጋይ እየላሰ ምላሱ ደማ።

ወር ሳይሞላ ጅብ ጨው ይዞ ብቅ አለ። በደንገሉ ውስጥ ተደብቀው የሚያቀብሉት እነዚያው ጥጆቻቸው የተበሉባቸው ጎሾች ነበሩ። ጅብ አንዱን አሞሌ በአንድ ግልገል ይሸጣል፤ የግልገሉ ግማሽ ለአንበሳ ይገባል።

አንበሳ ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ጠላት ክፋት ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ ጅብን የአገር ባለውለታ ብሎ ሾመው። ግልገላቸውን የሰጡት ፍየሎች ሳይቀሩ እልል አሉ። ዳለቻ ግን ከስብሰባው ወጥታ ወንዙን በዋና ተሻገረችና ያየችውን ሁሉ ለዝሆን ነገረችው።

ዝሆን በትዕግሥት አዳመጣት። «ልቅሷችሁ እዚህ ድረስ ይሰማል። እገዳው እየሠራ ነው ማለት ነው» አላት።

«የሚያለቅሰው እኮ አንበሳ አይደለም» አለችው።

ጉዳዩን በሚቀጥለው ጉባኤ እንደሚያዩት ነግሮ አሰናበታት። ስትመለስ ውርንጭላዋ ሞቶ ቆያት።

ከሁለት ክረምት በኋላ እርቅ ወረደ፤ መልካው ተከፈተ። አንበሳን ወክሎ የተሻገረው ጅብ ነበር፤ ከመወፈሩ የተነሣ ቁልቁለቱን ደግፈው አወረዱት። ዝሆን በክብር ተቀብሎ ሕዝቡ ባሳለፈው መከራ ማዘኑን ገለጸለት። ጅብ ዓይኑን ጠረገ። ስለ ሁለቱ ጥጆች አንድም ቃል ያነሣ የለም።

ቀጥሎ ዳለቻን ጠርተው የመጀመሪያውን ጨው እንድትጭን አዘዟት። ዳለቻ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው።

«ልጄን የገደለው የትኛችሁ ነው?» አለች።

ጅብ ወደ ዝሆን፣ ዝሆንም ወደ ጅብ ተመለከተ። ጎሾቹ ጨው በማውረድ ሥራ ላይ ስለነበሩ ቀና አላሉም። ዳለቻ ምንም ሳትጭን ወደ ወንዙ ወረደች።