ለሰደርያዋ ሲባል

እኛ አገር ሰው ፈጣሪውን ከሚለምነው ነገር ሁሉ ግር የሚል አንድ ልመና አለ። ዝናብ ስጠን፣ ልጅ ስጠን ማለት የወግ ነው፤ ይህኛው ግን «ምን ነካው ይሄ ሰው?» የሚያሰኝ ነው። ሌላው አገር የራሱን መነሻ ይናገር ይሆናል፤ በእኛ ሰፈር ግን ነገሩ የሚተረከው በአያ ፈንቴና በአያ ይሁኔ ነው።

አያ ፈንቴ የላይ አምባ ዕድር ዳኛ ነበር፤ አያ ይሁኔ ደግሞ የታች አምባ። በመካከላቸው አንድ ዳገት አለ። ፈንቴን ቅናተኛ ነው ብል ሐሜት ይሆንብኛል፤ ብቻ ይሁኔ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ ፈንቴ የገዛ ሣር ክዳኑን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ የይሁኔ ላም መንታ የወለደች ጊዜም ሄዶ የራሱን ላም ተቆጣት።

አንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። መሪያቸው ዶክተር ርብቃ የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ናት። የመጡት ስለ እግር እብጠት ነው፤ ያ በቀይ አፈር አገራችን እግርን እንደ ግንድ የሚያሳብጠው፣ ሰው «የዘር መርገም ነው» እያለ ጓዳ የሚደብቀው ደዌ። ዶክተሯ የሁለቱንም አምባ ሰው መንገድ ዳር ባለው ጤና ኬላ ግቢ ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«እስከ ዛሬ መድኃኒት የሚደርሰው እዚህ መንገድ ዳር ላለው ነው። ዳገት ላይ ያለውና ጓዳ የተቀመጠው ይረሳል። ይህን እኛ ብቻችንን አናቃናውም። ሕመምተኛው የት እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ማከሚያው የት ይተከል የሚለውንም አብረን እንወስናለን።»

ፈንቴ ማን ቀድሞኝ ብሎ ተነሣ።

«ዶክተር፣ ታች አምባን አላውቅም። በላይ አምባ ግን እንዲህ ያለ ደዌ የለም። ዘራችን ንጹሕ ነው!»

ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ። የላይ አምባ ሰው መሬት መሬት አየ።

ይሁኔ ግን አላፈረም። እግራቸው ያበጠ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አግባብቶ ይዟቸው መጣ። ዶክተሯም «አጋራችን» አለችው፤ ከጠረጴዛቸው አጠገብ ወንበር ሰጠችው፤ ኪሷ የበዛ፣ ጀርባዋ ላይ ጽሕፈት ያለባት ሰደርያም አለበሰችው።

ፈንቴን የጨረሰችው ያቺ ሰደርያ ናት። ይሁኔ ለብሷት ቤተ ክርስቲያን ሳመ፤ ለብሷት ገበያ ዋለ፤ ለብሷት በሬ ጠመደ። መንገድ ላይ ከፈንቴ ጋር ሲገናኝማ ጀርባውን ሳያሳይ አያልፍም።

«እንዴት ዋልክ አያ ፈንቴ? ቆሜ ባወጋህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ከዶክተሮቹ ጋር ምክር አለብን።»

ፈንቴ እህል አልወርድ አለው። ሲብስበት ተነሥቶ ዶክተሯ ዘንድ ሄደ።

«ለመሆኑ እኔ አጋር ለመሆን ምን ይጎድለኛል?»

«ምንም አይጎድልዎትም አባቴ። ግን ‹በእኔ አምባ ሕመምተኛ የለም› አሉን እኮ።»

«ቢገኝስ?»

«ቢገኝማ ሁለተኛውን ማከሚያ እዚያው ዳገቱ ላይ እንተክላለን፤ እርስዎም አብረውን ይመሩታል።»

«ሰደርያዋስ?»

ዶክተሯ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። «እሷም አትጠፋም።»

ፈንቴ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ወጣው። በየደጁ እየቆመ «እግሩ ያበጠ ሰው አላችሁ?» ማለት ያዘ። ሰው ግን ቀልደኛ ነው።

«ኧረ አያ ፈንቴ! ንጹሕ ዘር ናችሁ ያልከን አንተው አይደለህ? በምን ቀን አቆሸሽከን?»

የደበቀ ሁሉ አጥብቆ ደበቀ። ፈንቴ ባዶ እጁን ሊመለስ ሲል፣ ደጃቸው ላይ በቆሎ የሚፈለፍሉት እማሆይ አበዙ ጠሩት።

«ፈንቴ፣ የሰው ጓዳ ከመፈተሽህ በፊት የራስህን ክፈት። አንጓች እንዴት ናት?»

ክው አለ። አንጓች ታናሽ እህቱ ናት። እግሯ ካበጠ ወዲህ ሠርግ አታይ፣ ቤተ ክርስቲያን አትሳለም፤ ከጓዳ አትወጣም። ለጠየቀው ሁሉ «ቆላ ወርዳ ባል አግብታለች» ነበር መልሱ። ከታወቀ እኮ ሴቶች ልጆቹን የሚጠይቅ አማች አይመጣም። ለካ ሰዉ ሁሉ እያወቀ ኖሯል «ያቺ ቆላ የወረደችው ደኅና ናት?» እያለ የሚጠይቀው!

ቤቱ ገብቶ ሲያወጣ ሲያወርድ አመሸ። እህቱን ቢያወጣት የልጆቹ ትዳር አለ። ባያወጣት ደግሞ ይሁኔ አለ። እንግዲህ አትፍረዱበት፤ ይሁኔ ከበደው። ወደ ጓዳ ገባ።

«ነገ ጤና ኬላ እንወርዳለን። ሐኪሞቹ ይዩሽ።»

አንጓች የምትፈትልበትን እንዝርት አቆመች።

«ለእኔ አዝነህ ነው ወይስ ለዚያች ሰደርያ? ስለሷ ስታጉረመርም እኮ ግድግዳው አያግደውም።»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ እውነቱ አመለጠው። «ለሰደርያዋ ነው» አለ።

አንጓች ከት ብላ ሳቀች። ፈንቴ ሳቋን ረስቶት ነበርና ደነገጠ።

«ይሁን ወንድምዬ፤ ለምንም ይሁን፣ ብቻ አውጣኝ።»

በማግስቱ በቅሎው ላይ አስቀመጣት። እግሯን የሚሸፍን ነጠላ ቢያቀብላት «ሊያዩልኝ አይደል የምሄደው?» ብላ መለሰችለት። የፈንቴ እህት በጠራራ ፀሐይ ስታልፍ ያየ ሁሉ «እሷ ከወጣች እኛ ምን ቀረን?» እያለ በሩን ከፈተ። አንዱ እናቱን ደግፎ፣ ሌላዋ ባሏን እየጎተተች ተከተሉ። እማሆይ አበዙ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እያነከሱ ወጡ፤ ለካ እሳቸውም ያው ናቸው።

ይሁኔ ከጤና ኬላው በር ላይ ሰልፉን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ይሄን ሁሉ ሕመምተኛ ከየት አመጣኸው? ተውሰህ ነው?»

«የምን መዋስ! የገዛ ወገኖቼ ናቸው» አለ ፈንቴ ደረቱን ነፍቶ። «በዚህም እንበልጣችኋለን!»

ዶክተር ርብቃ ጎንበስ ብላ የአንጓችን እግር በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። «መርገም አይደለም፤ ዘርንም አያሳፍርም። አፈሩ ነው። በየቀኑ ከታጠበ፣ ቅባት ከተቀባና ጫማ ከተደረገበት እብጠቱ ይቀንሳል።»

ፈንቴ ይህን ሲሰማ የልጆቹን ትዳር አሰበና «ተመስገን» ብሎ አጠገቡ ያለው የይሁኔ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ይሁኔ ግን በዚህ የሚተኛ ሰው አይደለም። ለካ እሱም ጓዳ ነበረው፤ በሳምንቱ አማቱን በቃሬዛ አሸክሞ ከች አለ። ፈንቴ ይህን ሲሰማ ከዳገቱ ማዶ ያሉትን ቤቶች ፈተሸ። ይሁኔ ወንዝ ተሻገረ። እንዲህ ሲፎካከሩ በሁለቱም አምባ የተደበቀ ሰው ጠፋ፤ ማከሚያውም ዳገቱ ላይ ተተከለ፤ ፈንቴም የጓጓላትን ሰደርያ ለበሰ። እስከ ጉልበቱ ብትደርስም አላወልቅ አለ።

ክረምቱ ወጥቶ አንጓች በሁለት እግሯ፣ በጫማዋ፣ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም መጣች። እማሆይ አበዙም አብረዋት ነበሩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ፈንቴና ይሁኔ «የኔ አምባ ሰው ቀድሞ ዳነ፣ የለም የኔ» እያሉ ሊተናነቁ ደርሰዋል።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «አምላኬ፣ ከእነዚህ ሰዎች ልብ ቅናትን ንቀልልን!»

አንጓች ግን የእማሆይን እጅ ይዛ ቁልቁል መለሰችውና፣ «ተዉ እማሆይ፣ እንዲህ አይጸልዩብኝ! ወንድሜ እስኪያዝንልኝ ብጠብቅ ኖሮ ጓዳዬ መቃብሬ ነበር፤ እኔስ የምለምነው ‹ጌታዬ ሆይ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ!› ብዬ ነው» አለች።