የአቶ ጌታሰው አዲሱ ማርሚታ

የብስኩት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌታሰው ትንሿን ባለ ቱርቦ መኪናቸውን እንደገና አሠሯት። ቱርቦዋን በትልቅ አስቀየሩ፤ ከኋላ ክንፍ አስተከሉላት፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋንም አስወልቀው ሰፈር የሚቀሰቅስ ሌላ አስገጠሙላት። እየተጀነኑ ወደ ሥራ ሲመጡ ግን የፋብሪካው በር ተዘግቶ ጠበቃቸው። ክላክስ ደጋግመው አድርገው በሩ ሲከፈት ከመኪናዋ ወረዱና፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ሽማግሌውን ዘበኛ አፋጠጡት።

«የመኪናዬን ድምፅ ሰምተሃል? አልሰማሁም ካልክ፣ ደንቆሮ ዘበኛ አልፈልግም። ሰምቻለሁ ካልክም ንቀኸኛል ማለት ነው። በሁለቱም ዛሬውኑ ትባረራለህ!»

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እንደ ሰማሁ ወዲያው ከፍቼ ነበር። ድምፁ ሲገባ መኪናዋም አብራ የገባች መስሎኝ በሩን መልሼ ዘጋሁት።»