የግራዝማች ቀማሾች

አንድ ቀን ግራዝማች እንግዳሸት ጨጓራቸውን ሊታዩ ከተማ ወርደው ሲመለሱ፣ ከሐኪሙ መድኃኒት ይልቅ የሐኪሙን ምክር ይዘው መጡ። ሐኪሙ የነገራቸው ቀላል ነገር ነው፤ ምግብ እንደ ዕድሜና እንደ ሰውነት ፍላጎት ይመረጣል፣ የሕፃኑ ለሽማግሌው፣ የጤነኛው ለሕመምተኛው አይሆንም። እርስዎም ሥጋና ቅባት ይቀንሱ ብሏቸው ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን መንገድ ላይ ረሷት። የቀረችዋ ምክር ግን ንፉግ ሰው እጅ ገብታ ምን እንደሆነች ስሙኝ።

ቤተሰቡን ሰበሰቡ። ሽማግሌውን በር ጠባቂ አያ ውብነህን፣ «አንተ ጥርስ የለህም፣ የሚስማማህ ቀጭን ሾርባ ነው» አሏቸው። እንጨት ፈላጩን ጎረምሳ፣ «ደምህ ትኩስ ነው፣ ሥጋ ያቃጥልሃል፤ ንፍሮ ብላ» አሉት። ወጥ ቤቷ ዘርፌ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «አንቺማ ሥጋና ቅቤ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል፤ የገብስ አጥሚት ይበቃሻል» ተባለች። ታዲያ ሥጋው ለማን ቀረ? ጨጓራቸውን ለሚያማቸው ለግራዝማች።

ዘርፌ ከዚህ በፊት አንድ ፅንስ ጨንግፎባታል። ይኸኛውንም ዓይኗ እየጨለመባት፣ ግድግዳ እየተደገፈች ነው የተሸከመችው። ባሏ ቢሻው የግራዝማች አሳላፊ ነው። ጌታው ሥጋ ሲያገላብጡ አጠገባቸው ቆሞ የሚታየው የሚስቱ ፊት መክሳት ነበር። ይህንንም ልጅ እንዳናጣው ብሎ አንጀቱ ያርራል። ደግነቱ ተናዶ ከመጮህ ይልቅ ቀን መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

በዚያ ላይ ግራዝማች ፈሪ ናቸው። ከሚስታቸው ወንድሞች ጋር በመሬት ወሰን ከተካሰሱ ወዲህ መርዝ ያበሉኛል ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ በትልልቅ ሰዎች ቤት እንደሚደረገው፣ ወጥ ቤቷ ከድስቱ በጭልፋ ወደ መዳፏ ጠብ አድርጋ፣ እፊታቸው ቆማ ሳትቀምስ እጃቸውን ወደ መሶቡ አይሰዱም። ዘርፌ ከሥጋ የሚደርሳት ይህችው ጠብታ ብቻ ናት። እሷንም ቢሆን መረቅ ብቻ መሆኗን ዓይናቸውን አፍጠው ያያሉ።

የፍልሰታ ጾም የተፈታ ዕለት በግ ታረደና የአጥቢያው ዳኛ ምሳ ተጋበዙ። ግራዝማች እንዲህ የቸሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የወሰኑ ክርክር ገና አላለቀም። መሶቡ ሳይከፈት ስለ ምግብ አመራረጥ ማስተማር ጀመሩ።

«እኔ ቤት ሁሉም የሚበላው ለሰውነቱ የሚስማማውን ነው። የአንዱ ሆድ ከሌላው ሆድ በፍጹም አይገናኝም» አሉ።

«ቤት ማስተዳደር እንዲህ ነው እንጂ» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳይነቅሉ።

ዘርፌ ቀመሰች። ግራዝማች እጃቸውን ሲሰዱ ቢሻው ጎንበስ አለና፣

«ጌታዬ፣ አይብሉ» አላቸው።

የግራዝማች እጅ እንጀራው ላይ ቀረ። «ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም። ግን የዘርፌ ቅምሻ ለእርስዎ ዋስትና አይሆንም። እሷ ነፍሰ ጡር ናት። አሁን እንደነገሩን የእሷ ሆድና የእርስዎ ሆድ አይገናኝም። ለእሷ የተስማማው እርስዎን ቢገድልስ?»

ግራዝማች ዳኛውን አዩ። ዳኛው ነገሩ ያስኬዳል በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን የተናገሩትን በእንግዳ ፊት መልሶ መዋጥ ደግሞ ለግራዝማች ከመርዙ አይተናነስም።

«ታዲያ ማን ይቅመስ?»

«በዕድሜ የሚቀርቡዎት አያ ውብነህ ናቸው።»

አያ ውብነህ ተጠርተው መረቁን ቀመሱ። ቢሻው፣ «ከሥጋውም እንጂ፤ መርዝ መረቅ ላይ ብቻ ይደረጋል ያለው ማነው?» አለ። ሽማግሌው ጥርስ የለውም በተባለው አፋቸው ሙዳ ሙዳውን ተራ በተራ አዳረሱት።

«አሁንስ?» አሉ ግራዝማች።

«አሁን የዕድሜዎ ነገር ተጣራ። ጉልበትዎ ግን የጎረምሳ እንደሆነ ራስዎ ሁልጊዜ ይነግሩናል። በጎረምሳ በኩልም ቢታይ ይሻላል።»

እንጨት ፈላጩ ተጠራ። እሱ ቅምሻ የሚባለው ነገር በደንብ የገባው አይመስልም፤ ቅልጥሙን ይዞ ወደ ደጅ ሊወጣ ሲል ነው የመለሱት።

«ጨረስን?»

ቢሻው የጌታውን ቦርጭ በአክብሮት ተመለከተ። «አንድ ነገር አስቸገረኝ፣ ጌታዬ። ሆድዎን ሳየው ወደ ዘርፌ ያደላል። ያቺ የመዳፍ ጠብታ ግን አትበቃም፤ እንደገና ከሥጋው ብትቀምስልዎ።»

ዳኛው ሳቃቸውን በኩታቸው ጫፍ አፈኑ። ግራዝማች ወደ ድስቱ አጎነበሱ። ሥሩ መታየት ጀምሯል።

«ልትጨርሱት ነው እንዴ? ሰው ሆኖ የተለየ ሆድ ያለው የለም። እነሱ በልተው ካልሞቱ እኔም አልሞትም» አሉ።

ቢሻው ይሄኔ ወደ ዳኛው ዞረ። «ይስሙልኝ፣ ጌታዬ። የሰው ሆድ አንድ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ከሚበሉት እንብላ። የተለያየም ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እንቅመስላቸው።»

«ይምረጡ» አሉ ዳኛው።

ግራዝማች አሰቡ። ቢያወጡት ቢያወርዱት በሁለቱም በኩል ሥጋ ይወጣል። በመጨረሻ ከመብላት መቅመስ ያንሳል ብለው ይመስለኛል፣ ዘርፌን እያዩ፣ «ትቅመስ» አሉ።

ዘርፌ እጇን ታጠበች፣ በርጩማ ስባ መሶቡ አጠገብ ተቀመጠችና እስክትጠግብ ድረስ ቀመሰች።