የዘርፌ ድንጋይ እና በላዩ የሚቀመጠው ፍም

ውርጭ አፋፍ በምትባለው የደጋ መንደር ላም ስትወልድ ያየ እንግዳ ሳቁን መቻል አይሆንለትም። ጥጃው ገና እግሩን አልዘረጋ፣ እንገሩ ገና አልታለበ፣ የቤቱ እመቤት ግን ሁሉን ጥላ በሸክላ ገል ፍም ትዝቅና፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ልጆች «እሳት! እሳት! መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ከኋላዋ እየተንጋጉ፣ ከመንደሩ በላይ መንታ መንገዱ ዘንድ ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ትሮጣለች። ፍሙን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ትጣራለች፦ «ዘርፌ! ነይ፣ እሳት ጫሪ!» ሳቁም እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ባልቴቶቹ ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ።

በድሮ ዘመን፣ ክብሪት የሚባል ነገር ወደዚያ አገር ሳይደርስ፣ ከድንጋዩ በታች ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጎጆዎች ብቻ ነበሩ ይባላል። ባንደኛው በለጥሻቸው የምትባል ድምፀ ጎርናና፣ እጀ ሰፊ፣ ለቀልድ የማትሰንፍ ሴት ከባሏ ከአያ ድልነሳው ጋር ትኖር ነበር። በሌላው ዘርፌ፣ ጥርስ ያላወጣች ልጇና ዓይኗ የጠፋ አማቷ እማማ ፈለቀች ነበሩ። የዘርፌ ባል እህል ሊሸምት ቆላ ሲወርድ እሳት የሚያስነሱበትን ባልጩት ይዞት ሄዷል። ቢሆንም ማን ተጨነቀ፤ ያንዷ ምድጃ ሲጠፋ ከሌላዋ ትጭራለች፣ እየተሰዳደቡና እየተሳሳቁ ይውላሉ፣ እንደ አንድ እናት ልጆች ነበሩ እኮ።

በዚያ ዘመን ግን አንድ ብርቱ ክልክል ነበር። ላም ከወለደችበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ቅቤ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ቤት እሳት አይወጣም፤ ከወጣ የቅቤው በረከት ተከትሎት ይሄዳል ይሉ ነበር። በለጥሻቸው ይህን በወሬ ብቻ አልነበረም የምታምነው። ቀደም ሲል ላሟ ቦራ የወለደች ጊዜ ለአንድ መንገደኛ ፍም ብትሰጥ ጥጃው ሞተ፣ ወተቱም ነጠፈ። ቀጥሎ የከብት በሽታ ገብቶ በረቱን ጠራረገውና ቦራ ብቻዋን ቀረች። ቤቱ ቅቤ ካሸተተ ዘመን ሆኖታል። እንግዲህ ቦራ እንደገና ስትወልድ በለጥሻቸው በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ጥጃውን ስማ፣ ላሟን ስማ፣ ገበያ ሊወርድ የተነሳውን ባሏንም በዚያው ሳመችው እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅባታል።

እንደሚነገረው፣ በዚያው ረፋድ በረዶ ጥሎ የዘርፌ ቤት ጣራ አፈሰሰና ምድጃዋን አጠፋው። ልጇን አዝላ፣ ገሏን ይዛ መጣች።

«እትዬ በለጥሽ፣ እንኳን ቦራን ማርያም ማረቻት! እሳት ልጫር ብዬ ነው።»

«አንቺ! ዛሬ? ጥጃውን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ካንቺ ይልቅ እሱ ያምራል።»

በለጥሻቸው ሳቀች፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ገብተሽ ሙቂ፣ እዚሁ ዋዪ። ይዞ መውጣቱ ግን፣ ዘርፍዬ፣ ቅቤው እስኪወጣ ድረስ…»

«እማማንስ? ወገቧን ይዟት መነሳት አቅቷታል። ቤቱ በረዶ ሆኗል እኮ።»

«አያ ድልነሳው ማታ ሲመለስ ተሸክሞ ያመጣታል። እስከዚያ የኔን ባና ደርቢላት፣ እንቺ።»

«ባናማ አላት፣ እትዬ። ያጣችው እሳት ነው። እስከ ማታ አትቆየኝም።»

ከዚያ ዘርፌ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና በበለጥሻቸው ክንድ ላይ አኖረቻት። «እንግዲያው እሷን አሙቂልኝ። ከተራራው ማዶ ጭሬ መጣሁ» አለች። ሰው ወደ ቤት ማስገባት ክልክል አልነበረምና በለጥሻቸው ሕፃኗን ተቀበለች።

ዘርፌ ተራራውን ከወጣች በኋላ ያ በረዶ እንደገና ወረደ ይላሉ፤ ጓሳውን አልብሶ፣ መንገዱን አጥፍቶ። በለጥሻቸው ሕፃኗን አቅፋ ምድጃው ዳር ተቀመጠች፤ እሳቱን ታያለች፣ ጥጃውን ታያለች። አንድ ጊዜ ብድግ ብላ ፍም በገል ዝቃ እስከ ደጃፉ ደረሰች። የሞተው ጥጃ ትዝ አላት። ተመልሳ ምድጃው ላይ ደፋችው። ያቺን ከደጃፍ የመመለስ ነገር በኋላ ዘመኗን ሁሉ ስታነሳት ኖረች ይባላል።

በረዶው ሲያባራ ልጅቷን አዝላ ሽቅብ ሮጠች፤ ሩቅም አልሄደች። ዘርፌ ማዶ ደርሳ፣ እሳቱን ጭራ፣ ተመልሳ፣ የገዛ ጣራዋ ከሚታይበት ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በደረቷ ተደፍታ ነበር። ገሉን ከሥሯ አድርጋ፣ ነጠላዋን አልብሳ፣ ጀርባዋን ለበረዶው ሰጥታ። እጇ እንጨት ሆኗል። በለጥሻቸው ገሉን ከጣቶቿ አስለቅቃ አመዱን እፍ ብትለው ፍሙ ቀይ ነው፤ አልሞተም።

ፍሙን ይዛ ወደ ዘርፌ ቤት ወረደች፣ ኩበት ጎሰጎሰች፣ ተንበርክካ እፍ ትል ጀመር። እማማ ፈለቀች ከመደቡ ላይ ሆና ትንፋሹን ሰማች።

«መጣሽ ዘርፌ? ቆየሽ እኮ፣ ልጄ። ተይው እሱን፣ መጀመሪያ እጅሽን ሙቂ።»

በለጥሻቸው እሳቱ ነድዶ ጎጆው እስኪሞቅ ድረስ እፍ ማለቷን ቀጠለች።

ያ ስንት የተፈራለት ቅቤ አልወጣም። የቦራ ወተት አንድም ጠብታ ሳይገፋ በዚያች እናት አልባ ሕፃን ጉሮሮ አለቀ፤ የሕፃኗ ዘሮች ዛሬም «የቦራ ልጆች» ይባላሉ። ቦራ ዳግመኛ ስትወልድ በለጥሻቸው እንገሩን ሳትነካ ፍም ዝቃ ወጣች፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ዘርፌን ጠራቻት። የሰማ ሁሉ ቅቤው አበቃለት ብሎ ነበር። ወተቱ የተገፋ ዕለት ግን ቅቤው ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ጉድ ወጣ። በለጥሻቸው ያን ጊዜ ያለቀሰችው ልቅሶ በዘርፌ ቀብር ዕለት ካለቀሰችው ይብስ ነበር ይባላል።

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው አለ፤ አናቱ እንደ ምጣድ የጠቆረ፣ የክረምት ዝናብ የማያጥበው። እዚያ በተቀመጠ ፍም እጁን የሚሞቅ የለም፤ በራሱ ጊዜ ይከስማል። የመንደሩ ሴቶችም «ዘርፌ! ነይ፣ እሳት ጫሪ!» ካሉ በኋላ፣ ላሟ ታግሳ፣ ጥጃው እየጮኸ፣ ወዲያው አይመለሱም። የሰው ኮቴ እንደሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ቆም ይላሉ።